ልጁ የሚያውቀው ፊደሉን ነው ወይስ ዜማውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



አጥቢያዎቻችን ትምህርት ቤት ሲሠሩ፣ ሲያድሱ ወይም በአካባቢያቸው ያለውን ሲረዱ ስንት ክፍል እንደ ተሠራ፣ ስንት ወንበር እንደ ገባና ስንት ልጅ እንደ ተመዘገበ በሪፖርት ይገለጻል። ይህ መልካም ነው፤ ምእመናን ስለ ሰጡት ገንዘብ ማወቅ ይገባቸዋል። ነገር ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ በዕለቱ ምን እንደ ተማረ ሪፖርቱ አይነግረንም። የዚህ እትም ትምህርታችን በዚህ ላይ ያተኩራል፤ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የዕለት ተዕለት ትምህርት ውስጥ ልጁ በእውነት ማወቁን በምን እንረዳለን? አጥቢያስ ምን ሊያግዝ ይችላል?

በአንድ ክፍል ያየነው

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከሚገኙ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንዱን በሥራ ምክንያት ሁለት ጊዜ ጎብኝተናል። በመጀመሪያው ጉብኝት ቅጽ ይዘን ገባን። ወንበሩን፣ ጥቁር ሰሌዳውን፣ መጸዳጃ ቤቱንና የውኃ ቧንቧውን ቆጠርን። በአንድ የ2ኛ ክፍል በር ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆመን ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሲያነቡ ሰማንና «የንባብ ትምህርት በመልካም ሁኔታ ይሰጣል» ብለን ጻፍን። ያን የጻፍነው ሳናጣራ ነበር።

በሁለተኛው ጉብኝት የክፍሉ መምህርት ፈቅደውልን አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ በመጨረሻው ረድፍ ተቀመጥን። መምህርቷ በሰሌዳው ላይ ስድስት ቃላት ጻፉ፤ ቤት፣ ላም፣ በግ፣ ውኃ፣ ዳቦ፣ ሰማይ። እሳቸው እየጠቆሙ ሲያነቡ ልጆቹ ተከትለው አነበቡ፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ደገሙት። ከአጠገባችን የተቀመጠው ልጅ ድምፁ ከሁሉም ጎልቶ ይሰማ ነበር። ልብ ብለን ስናየው ግን ዓይኑ ሰሌዳው ላይ አልነበረም፤ የጓደኞቹን አፍ እያየ ከእነርሱ በጥቂቱ ዘግየት ብሎ ይከተል ነበር።

ከዚያም መምህርቷ ሰሌዳውን አጠፉና ያንኑ ቃላት ቅደም ተከተላቸውን አዛውረው ጻፉ። ከሥራቸውም አንድ አዲስ ቃል ጨመሩ፤ «ሰላም» የሚለውን። «ሰ» ከሰማይ፣ «ላ»ና «ም» ከላም የተወሰዱ ናቸው፤ ልጆቹ ያላዩት ፊደል በቃሉ ውስጥ አልነበረም። መምህርቷ ምንም ሳይናገሩ ሲጠቁሙ የክፍሉ ድምፅ ሳሳ። ጥቂቶች አነበቡ፤ ብዙዎች ዝም አሉ። ከአጠገባችን የነበረው ልጅም ዝም አለ። በየማለዳው ለመምህሩ የሚያቀርባትን ሰላምታ ተጽፋ ሲያያት አላወቃትም።

መምህርቷ አልተቆጡም። ዝም ካሉት መካከል የአምስቱን ስም በደብተራቸው መዘገቡና ወደ ፊተኛው ወንበር አምጥተው፣ ሌሎቹ የክፍል ሥራ ሲሠሩ፣ እያንዳንዳቸውን ለብቻ አስነበቡ። ሲወጡ «በአንድነት ሲያነቡ ሁሉም ጎበዝ ናቸው፤ የማውቃቸው ስለያያቸው ነው» አሉን። በቅጻችን ላይ ይህን የምንጽፍበት መስመር አልነበረም።

አባቶቻችን የሠሩት ፈተና

መምህርቷ ያደረጉት ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም። በንባብ ቤት ልጅ በመጀመሪያ ሀሁን ይቆጥራል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው ከግእዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ሰባት ቅርጽ ስላላቸው ገበታው 231 ፊደላት ይይዛል። ልጁ ይህን በዜማ እየተመራ፣ በስንደዶ እየጠቆመ ይወጣዋል። ዜማው ይረዳዋል፤ ሆኖም «ሀ» ካለ በኋላ «ሁ» እንደሚከተል ያወቀው ጆሮው ይሁን ዓይኑ ገና አልታወቀም።

ስለዚህ አባቶቻችን ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳን አኖሩ። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ሲባል የፊደላቱ ተራ ከሀሁ ይለያል፤ ድምፁም በእያንዳንዱ ፊደል ከግእዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ እያለ ይለዋወጣል። በሀሁ ዜማ ብቻ የመጣ ልጅ እዚህ ይቆማል፤ ፊደሉን የለየ ልጅ ያልፋል። የኔታም ልጁን ለብቻው ያስነብቡታል፤ የሳተውን ወደ ኋላ መልሰው ያስቆጥሩታል። ከዚያም መልእክተ ዮሐንስን በፊደል ቁጥር ጀምሮ በግእዝ፣ በውርድ፣ በኋላም በቁም ንባብ ይዘልቃል። እያንዳንዱ ደረጃ የፊተኛውን ይፈትናል።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ሥርዓትም ጉድለት አይጠፋም። ዳዊትን የደገመ ልጅ የብዙውን ቃል ትርጉም ሳያውቅ የሚቆይበት ጊዜ ረጅም ነው፤ ምሥጢሩ የሚከፈተው ወደ ቅኔና ወደ ትርጓሜ ሲሻገር ነው፤ ብዙው ደግሞ ከዚያ ሳይደርስ ይቀራል። እንግዲህ የምንጠይቀው ጥያቄ ለዘመናዊውም ለአብነቱም ትምህርት ቤት አንድ ነው።

በአንድ ክፍለ ጊዜ ምን እንመልከት?

የሰበካ ጉባኤ አባል የትምህርት ባለሙያ መሆን አይጠበቅበትም። ርእሰ መምህሩንና መምህሩን አስፈቅዶ አርባ ደቂቃ በጸጥታ ቢቀመጥ አራት ነገሮችን ማስተዋል ይችላል።

አንደኛ፣ ንባብ። ልጆቹ የሚያነቡት አስቀድመው በቃል የያዙትን ነው ወይስ አዲስ ነገር? ለብቻው የሚያነብ ልጅ አለ? ሳድስ ፊደላት ለጀማሪ በተለይ ይከብዳሉ። «ቡ»፣ «ሉ»፣ «ሙ» ሲባል የካዕብ ምልክቱ በአብዛኛው ከጎን በአንድ ቦታ ይገኛል፤ «ብ»፣ «ል»፣ «ም» ግን እያንዳንዱ የራሱ ቅርጽ ስላለው አንድ በአንድ መታወቅ አለበት።

ሁለተኛ፣ ጽሕፈት። ከሰሌዳ መገልበጥ እጅን ያለማምዳል፤ ነገር ግን የማያነብም ልጅ እንደ ሥዕል አድርጎ አሳምሮ ሊገለብጥ ይችላል። ንጹሕ ደብተር ብቻውን አያረጋግጥልንም። መምህሩ የተናገረውን ቃል ሰምቶ የጻፈበት ገጽ ካለ፣ ስሕተት ቢበዛበትም እንኳ፣ ስለ ልጁ የሚነግረን ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ቁጥር። እስከ መቶ በቃል የሚቆጥር ልጅ ከፊቱ ካለው የቆርኪ ክምር ሰባት አንሣ ሲባል ሊቸገር ይችላል። ቆርኪ፣ ጠጠርና ባቄላ ወጪ የማይጠይቁ የሒሳብ መማሪያዎች ናቸው። በልጆቹ እጅ ናቸው ወይስ በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ብቻ?

አራተኛ፣ ጥያቄ። መምህሩ ሲጠይቅ እጅ የሚያወጡት ይታያሉ፤ እኛ ግን እጅ ያላወጡትን እንይ። ከታሪኩ በኋላ «ማን ነበር? የት ሄደ? ለምን?» ተብሎ ይጠየቃል ወይስ «ገባችሁ?» «አዎ!» ተብሎ ይታለፋል?

በዚህ ጊዜ አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። እንግዳ ተነሥቶ ልጅን አይፈትን፤ የማያነብ ልጅ በእንግዳ ፊት አይቁም፤ ፎቶግራፉም አይነሣ። የሄድነው ልናይ ነው፤ ልጅን ልናሳፍር አይደለም።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

ነገሩ በመምህራን ስንፍና የሚመጣ እንዳይመስለን። አንድ ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ ነው። በክፍሉ ውስጥ አምሳ ልጆች ካሉና እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢያነብ ተራው ሳይዳረስ ደወል ይደወላል። ስለዚህ መምህሩ በአንድ ድምፅ ማስነበብን ይመርጣል፤ በዚያ ድምፅ ውስጥ ደግሞ የማያውቀው ልጅ ይሸሸጋል። በከተማችን ደግሞ በቤቱ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ ወይም ወላይትኛ የሚናገር ልጅ የአማርኛውን ፊደል ለይቶ ቃሉ ሳይገባው ሊቀር ይችላል።

ይህ የአንድ ክፍል ችግር አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ የሀገራችን ክልሎች በተደረገው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበለት ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻለም ነበር። እነዚያ ልጆች ተመዝግበው፣ ስማቸው እየተጠራ፣ በክፍል የተቀመጡ ነበሩ።

በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባን በስፋት ጀምሯል፤ የደንብ ልብስና የትምህርት ቁሳቁስም ያቀርባል። ቀድሞ አጥቢያዎች ለድሆች ልጆች ደብተርና ልብስ ለመግዛት ያውሉት ከነበረው ገንዘብ ከፊሉ ዛሬ ለሌላ አገልግሎት ሊውል ይችላል ማለት ነው። ልጁ በልቶ፣ ለብሶ፣ ደብተር ይዞ ከገባ በኋላ በክፍሉ የሚሆነውን መደገፍ የእኛ ድርሻ ይሁን።

አጥቢያ ምን ያድርግ?

የራሱ ትምህርት ቤት ያለው አጥቢያ ከመምህራኑ ጋር መክሮ ቀላል ሥርዓት መዘርጋት ይችላል። መምህሩ በየቀኑ አምስት ልጆችን ብቻ ለብቻ ቢያስነብብ አምሳ ልጆች በዐሥር የትምህርት ቀናት ይዳረሳሉ፤ ማለትም በየሁለት ሳምንቱ የእያንዳንዱ ልጅ ሁኔታ ይታወቃል። በዚያው ጊዜ ሌሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ ሲያነብ ሌላው በጣቱ እየተከተለ ይለማመዳሉ። በአብነት ትምህርት ቤት የቀደመው ተማሪ ጀማሪውን እንደሚያስቀጽል ሁሉ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ልጆችም ታናናሾቻቸውን ሊያግዙ ይችላሉ። ከካርቶን የተቆረጡ የፊደል ካርዶች ተዛውረው ሊደረደሩ ስለሚችሉ የአቡጊዳን ሥራ ይሠራሉ።

የመንግሥት ትምህርት ቤትን የሚረዳ አጥቢያ ወሰኑን ይወቅ። የሀገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ደንግጓል። በዚያ የምናደርገው እርዳታ የተረት መጻሕፍት፣ ካርቶን፣ ጠመኔና መደርደሪያ ይሁን፤ በወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት በኩል ይቅረብ፤ ለሁሉም ልጆች ያለ ልዩነት ይድረስ። ስብከታችን በቤተ ክርስቲያናችን ነው።

የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ያለው አጥቢያ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ የንባብ ሰዓት ሊከፍት ይችላል። በአጥቢያው ያሉ ጡረተኛ መምህራንና የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ቢጋበዙ አይሰለፉም አንልም። ይህን ለመጀመር ምንጣፍ፣ ጥቂት መጻሕፍትና ሰዓት የሚያከብር ሰው ይበቃል።

የፊልጶስ ጥያቄ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የተጻፈውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ የሆነው ፊልጶስ ቀርቦ ሲሰማው የንባቡን ማማር አላደነቀም፤ የሚያነበው ይገባው እንደ ሆነ ጠየቀው። ጃንደረባውም የሚመራው ሳይኖር ሊገባው እንደማይችል በትሕትና መለሰ፤ ፊልጶስንም ወደ ሠረገላው እንዲወጣና አጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ጥያቄው አላሳፈረውም፤ የጠየቀው ሰው አብሮት ተቀምጧልና። ንባብም ፍጻሜው ድምፅ ሳይሆን ማስተዋል ነው።

ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ መማር ግድ አይደለም። ፊደል ያልቆጠረች እናት ማታ ቡና ስታፈላ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ «እስኪ አንብብልኝ» ብትለው፣ ሲጨርስም «ምን ይላል? ንገረኝ» ብትለው የፊልጶስን ሥራ ሠራች ማለት ነው። ልጁ ዝም ካለ ነገ ለመምህሩ የምትነግረው አላት። ካህናት አባቶቻችን በየቤቱ ለጸበልና ለምክር ስትገቡ፣ የንስሐ ልጆቻችሁንም ስትጎበኙ፣ ይህችን አንዲት ምክር ብታክሉ ከብዙ ሥልጠና የሚበልጥ ፍሬ ታፈራለች ብለን እናምናለን።

እኛም ከዚያ ጉብኝት በኋላ በምንይዘው ቅጽ ላይ ከወንበሩና ከቧንቧው ቀጥሎ አንድ መስመር ጨምረናል፤ «መምህሩ በዚህ ሳምንት ለብቻ ያስነበቧቸው ልጆች ስንት ናቸው?» የሚል። ወደዚያ ክፍል ስንመለስም በመጀመሪያ የምንፈልገው የፊተኛውን ወንበር ነው።

ለሰበካ ጉባኤ ውይይት

1. አጥቢያችን ለትምህርት ያዋለው ገንዘብ ምን ላይ ዋለ? ልጆች በማንበባቸው ላይ ያመጣውን ለውጥ በምን አወቅን?
2. ከእኛ መካከል አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ በክፍል የተቀመጠ አለን? በዚህ ሩብ ዓመት ማን ይሂድ?
3. በአጥቢያችን የንባብ ሰዓት ለመክፈት የትኛው ቦታ፣ የትኛው ቀንና ማን አለን?
4. በአብነት ትምህርት ቤታችን ያሉ ልጆች የሚያነቡትን እንዲያስተውሉ የኔታን በምን እናግዛቸው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።