ገጣጣ ጥርስ በየትኛው ዕድሜ ይታከም?

የላይኛው የፊት ጥርሶች ከታችኞቹ ርቀው ወደ ፊት የሚወጡበት፣ በተለምዶ «ገጣጣ» የሚባለው የጥርስ አገጣጠም፣ ኤድዋርድ አንግል በ1899 እ.ኤ.አ. ባወጣው አመዳደብ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ክፍል ይገባል። አመዳደቡ የመጀመሪያዎቹን ቋሚ መንጋጋ ጥርሶች አቀማመጥ መሠረት ያደረገ ስለሆነ፣ በአንድ ክፍል ከተመደቡ ሁለት ልጆች የአንደኛው ችግር ከጥርሱ፣ የሌላኛው ከታችኛው መንጋጭላ ማነስ ሊመነጭ ይችላል።

ወላጆችን የሚያስጨንቀው ግን የጊዜው ጉዳይ ነው። ከ7 እስከ 11 ዓመት ባለው ዕድሜ ጀምሮ በጉርምስና በብሬስ መጨረስ ይሻላል ወይስ ሁሉንም ለጉርምስና አቆይቶ በአንድ ዙር ማከም? ቀድሞ መጀመር የመንጋጭላን ዕድገት እንደሚመራ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ኖሯል። በአሜሪካና በእንግሊዝ ልጆችን በዕጣ መድበው የተካሄዱ ጥናቶች ግን በመጀመሪያው ዙር የታየው ልዩነት በሕክምናው ፍጻሜ ከሞላ ጎደል እንደሚጠፋ አሳይተዋል። ጸንቶ የተገኘው ጥቅም አንድ ነው፤ ቀድመው በታከሙት ልጆች ላይ በመውደቅና በመመታት የሚደርሰው የፊት ጥርስ ጉዳት ቀንሷል።

ይህ የሚናቅ ጥቅም አይደለም፤ የተሰበረ ቋሚ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ጥርሱ ከከንፈሩ ውጭ ለሚቀርና ሲጫወት ደጋግሞ ለሚወድቅ ልጅ ሁለቱ ዙር የሚያስቆጭ አይመስለኝም። ለሌሎቹ ግን፣ በተለይ የዘርፉ ሐኪም ጥቂት በሆነበት አገራችን ከክፍለ ሀገር ለሚመላለስ ቤተሰብ፣ እስከ ጉርምስና መጠበቁ እንደ ቸልተኝነት ሊቆጠር አይገባም።