ከብርቱካን ልጣጭ የቤት ማጽጃ



በአገር ቤት ልብስ በእንዶድ ይታጠብ ነበር፤ ፍሬው ሲወቀጥ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቢልሃርዚያን የመከላከል ምርምራቸውም ከዚያ ተነሣ። የእናቶች እውቀት ሳይንስ ነው የምለው ለዚህ ነው።

እዚህ ዲር ፓርክ እንዶድ ባላገኝም የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ አላጣም። ልጣጩን በመስታወት ዕቃ እሞላለሁ፤ እስኪሸፈን ነጭ አቼቶ እጨምርና ከድኜ ሁለት ሳምንት አቆየዋለሁ። ከዚያ አጥልዬ በእኩል ውሃ አቀጥነዋለሁ። የአቼቶው አሲድ በቧንቧና በማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያሟሟል፤ የልጣጩ ዘይት ቅባት ያለቃል።

ሦስት ነገር ልብ በሉ፦
- ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።
- እብነ በረድ ላይ አትጠቀሙበት፤ አሲዱ ይበላዋል።
- ጀርም ይገድላል ብላችሁ አትመኑት፤ ጥሬ ሥጋ የተከተፈበትን መክተፊያ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ።

ኢስራፍ ሲባል ገንዘብና ምግብ ብቻ አይደለም፤ ልጣጭም ይቆጠራል። እናቶቻችሁንና አያቶቻችሁን በምን ያጥቡ እንደነበር ጠይቋቸው።