አንድ ዓይና መኪና

«አንድ ዓይና በአፈር አይጫወትም» ይላል ያገራችን ሰው። መኪናም ዓይን አለው። የመኪና ዓይን የፊት መብራቱ ነው። ቀን ቀን ማንም አያስታውሰውም። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን የሾፌሩም፣ የተሳፋሪውም፣ በእግሩ የሚሄደው ሰውም ደኅንነት በእሱ ላይ ነው።

በሰፈርንበት ቀበሌ በአንድ የገበያ ቀን ምሽት የሆነውን እንንገራችሁ። የማኅበሩ የጭነት መኪና እህል አራግፎ ይመለስ ነበር። የግራ መብራቱ ከጠፋ ሁለት ሳምንት አልፎታል። «ነገ ይሠራል፣ ከነገ ወዲያ ይሠራል» እየተባለ ቆየ። አንድ አባወራ አህያውን እየነዳ ከፊት ለፊት መጣ። አንድ መብራት ብቻ ስላየ ሞተር ብስክሌት መሰለው። ለሞተር ብስክሌት የሚበቃ መንገድ ለቀቀና ዳር ያዘ። የመጣው ግን የጭነት መኪና ነው። ሾፌሩም በግራ በኩል ያለውን አላየም። አህያው እዚያው ሞተ። ሰውየው እግሩ ተሰብሮ ተረፈ።

የዚህ ሁሉ ጣጣ ምክንያት አንድ አምፖል ነው። የአምፖል ዋጋ ከአህያ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የሰውን ሕይወትማ ማን ይተምነዋል?

በማግሥቱ ከሾፌሩና ከረዳቱ ጋር ሆነን መብራቱን በማኅበሩ ግቢ ሠራነው። ከግማሽ ሰዓት በላይ አልፈጀብንም። የተማርነውን እነሆ።

መብራቱ ሲጠፋ

በብዙ መኪና ላይ የሚገኘው «ኤች 4» የሚባለው አምፖል ነው። በውስጡ ሁለት ቀጫጭን የሽቦ ክሮች አሉ። አንዱ ለአጭር መብራት፣ ሌላው ለረጅም መብራት ነው። ስለዚህ አጭሩ ጠፍቶ ረጅሙ ቢበራ አትገረሙ። አንዱ ክር ተበጥሷል ማለት ነው።

አምፖል ከመግዛታችን በፊት ግን ችግሩ የት እንዳለ እንፈልግ።

አንደኛ፦ ፊውዙን እንይ። ፊውዝ ኤሌክትሪክ ሲበዛ ራሱ ተቃጥሎ ሌላውን የሚያድን ትንሽ ዕቃ ነው። በውስጡ ያለው ሽቦ ከተበጠሰ በላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብበን ያንኑ ቁጥር ያለው እንተካለን። በፊውዝ ፈንታ ሽቦ ጠምዝዞ ማስገባት መኪና ያቃጥላል።

ሁለተኛ፦ ከአምፖሉ ጀርባ ያለውን ሶኬት ነቅለን እንይ። አረንጓዴ ዝገት ከያዘው ኤሌክትሪክ አያልፍም። ተፍቆ ይጽዳ። ሶኬቱ ከቀለጠ ይለወጥ።

ሦስተኛ፦ የቀኙንና የግራውን አምፖል እናለዋውጥ። ጨለማው ከአምፖሉ ጋር ከሄደ የተቃጠለው አምፖሉ ነው። ጨለማው እዚያው ቦታ ከቀረ ችግሩ የሽቦው ነው።

ቁጥሩን ማንበብ

እዚህ ላይ ነው ንባብ ዋጋ ያለው። በአምፖሉ ብረት ላይ ቁጥር ተጽፏል። ከቁጥሩ አጠገብ የፈረንጅ ፊደል ቢኖር አያስቸግራችሁ። ቁጥሩን አንብቡ። ለቤት መኪና ብዙ ጊዜ 12 እና 60/55 ይላል። 12 ቮልቱ ነው። 60 የረጅሙ፣ 55 የአጭሩ መብራት ዋት ነው። ብዙ የጭነት መኪና ግን ሁለት ባትሪ አያይዞ በ24 ቮልት ይሠራል። የእሱ አምፖል 24 እና 75/70 ይላል።

ባለ 12 ቮልቱ አምፖል 24 ቮልት ባለው መኪና ላይ ቢገባ ወዲያው ይቃጠላል። ባለ 24 ቮልቱ 12 ቮልት ባለው ላይ ቢገባ ደብዝዞ ይበራል። «ይበልጥ ያብራልኝ» ብሎ ዋቱ የበዛ አምፖል ማስገባትም ጥፋት ነው። ሶኬቱን ያቀልጣል፤ ከፊት የሚመጣውንም ሾፌር ዓይን ያጠፋል። የተቃጠለውን አምፖል ይዛችሁ ወደ ሱቅ ሂዱ፤ ቁጥር ከቁጥር አስተያዩ።

አምፖሉን መለወጥ

1. ሞተሩንና መብራቱን አጥፉ። አምፖሉ እሳት ስለሚሆን እስኪበርድ ቆዩ።
2. ኮፈኖውን ክፈቱ። ሶኬቱን ሽቦውን ሳይሆን ራሱን ይዛችሁ ንቀሉ።
3. የጎማ ክዳኑን አውጡ፤ አምፖሉን የያዘውን የሽቦ መቆለፊያ ተጫኑና ልቀቁ።
4. አሮጌውን አውጡ። አዲሱን በብረቱ በኩል ያዙ። መስታወቱን በእጃችሁ አትንኩ።

ለምን አትንኩ እንላለን? የእጃችን ወዝ መስታወቱ ላይ ይቀራል። አምፖሉ ሲግል ወዙ ያለበት ቦታ ከሌላው የበለጠ ይግላል፤ በዚያ ምክንያት ዕድሜው ያጥራል ወይም ይፈነዳል። በስሕተት ከተነካ በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ይጠረግ።

5. አምፖሉ ሦስት የብረት ጆሮዎች አሉት። የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ነው። እምቢ ካለ አትታገሉት፤ አዙራችሁ ሞክሩ።
6. መቆለፊያውን፣ የጎማ ክዳኑንና ሶኬቱን መልሱ። ክዳኑ ከተረሳ አቧራና ውሃ ይገባል።

ፊቱ ሲደበዝዝ

አንዳንዴ አምፖሉ ደኅና ሆኖ ብርሃኑ ይደክማል። የድሮ መኪና መብራት ፊቱ መስታወት ነበር። የዛሬው ግን በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩን ፀሐይ እየመታው ቢጫ ይሆናል፤ በሞራ እንደተያዘ ዓይን ይጋረዳል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ ከብቱን ወይም ሕፃኑን በአንድ ሰከንድ ዘግይቶ ቢያይ 17 ሜትር አልፏል ማለት ነው።

የደበዘዘውን ለመመለስ በመጀመሪያ በውሃና በሳሙና እጠቡት። ዙሪያውን ያለውን የመኪና ቀለም በፕላስተር ሸፍኑ። ከዚያ 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እየነከራችሁ ፈትጉት። ቀጥሎ 2000፣ በመጨረሻ 3000። የብርጭቆ ወረቀት ቁጥሩ ሲተልቅ ይለሰልሳል። ወረቀቱ መድረቅ የለበትም። ፕላስቲኩ መጀመሪያ ነጭ ጭጋግ ይመስላል፤ አትደንግጡ። በመወልወያ ቅባትና በጨርቅ ሲታሽ ይጠራል። በመጨረሻ ፀሐይ የሚከላከል ጥርት ያለ ቫርኒሽ ይቀባ። ይህ ከቀረ ድካማችሁ ከንቱ ነው፤ በጥቂት ወራት ተመልሶ ቢጫ ይሆናል።

በጥርስ ሳሙና የሚያሹም አሉ። ለጊዜው ይጠራል፤ አይዘልቅም። በአመድ አትፈትጉ፤ ይጭራል። በቤንዚን አትጥረጉ፤ ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል። መስታወት የሆነውን ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት አትንኩ፤ ማጠብ ብቻ ይበቃዋል።

ብርሃኑን ማስተካከል

መኪናውን በደልዳላ ቦታ ከግድግዳ 5 ሜትር አርቃችሁ አቁሙ። የመብራቱን መሐል ከፍታ ከመሬት ለክታችሁ በግድግዳው ላይ በከሰል ምልክት አድርጉ። አጭር መብራት ሲበራ የብርሃኑ አናት ለብዙ መኪና ከምልክቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ከምልክቱ በላይ ከወጣ ሌላውን ያሳውራል። ከመብራቱ ጀርባ ያለውን ማስተካከያ በካቻቢቴ ማዞር ነው። ከኋላ ብዙ ጭነት ሲኖር የመኪናው ፊት ቀና እንደሚል አትርሱ።

ሙሉ መብራቱን የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ጠይቁ። በአገራችን መኪና ቀኙን ይዞ ይሄዳል። ግራ ይዘው ለሚነዱባቸው እንደ ጃፓን ላሉ አገሮች የተሠራ መብራት ብርሃኑን ወደ ግራ ከፍ ስለሚያደርግ ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል።

ዜኖን የሚባለው መብራት ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ስላለው በቤት አይነካ። የቀለጠ ሽቦም ለባለሙያ ይተው።

ለእግረኛም የሚሆን ምክር አለን። ሌሊት በመንገድ ስንሄድ ግራችንን እንያዝ፤ መኪናው ከፊታችን ይመጣልና እናየዋለን። ነጭ ጋቢ ከጥቁር ካፖርት ይልቅ ከሩቅ ይታያል። አንድ መብራት ብቻ ስናይም «ሞተር ብስክሌት ነው» ብለን አንተማመን፤ ከመንገዱ ፈጽመን እንውጣ።

የቆሰለው አባወራ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል። ሾፌሩም ከመነሣቱ በፊት ሁለቱንም መብራት አብርቶ፣ ወርዶ ሳያይ መሪ አይጨብጥም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይኸው ነው።

ጥያቄዎች

1. አባወራው የጭነት መኪናውን ሞተር ብስክሌት ነው ያለው ለምንድን ነው?
2. አጭር መብራት ጠፍቶ ረጅሙ ቢበራ የተበላሸው ምን ሊሆን ይችላል?
3. መኪናው በ24 ቮልት የሚሠራ ቢሆን 12 የተጻፈበት አምፖል ትገዛላችሁ? ለምን?
4. ከ1000 እና ከ3000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት የሚሻክረው የቱ ነው?
5. በቀበሌያችሁ ሌሊት ያለ መብራት የሚሄድ መኪና አለ? ምን ማድረግ እንደሚቻል ተወያዩ።