ጆሯችንን ወይስ ባለሙያውን?

በድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ስፒከር ስንመርጥ በመጽሔት የተመሰገነውን እንግዛ ወይስ ለጆሯችን የጣመውን? ባለሙያው ያዳመጠው በራሱ ክፍል ነው፤ ግድግዳና ምንጣፍ ደግሞ ድምፅን ይለውጣሉ። የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ይሰማል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን እጅግ ቀጭኑ ድምፅ እየራቀ ይሄዳል። ስለዚህ የ18 ዓመት ተማሪ አንጋፋው ሐያሲ የማይሰማውን ሊሰማ ይችላል።

ሆኖም ጆሮም ይታለላል። አሜሪካውያኑ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲቀነስ ወፍራሙ ይበልጥ ይደክምብናል። ሻጩ አንዱን ስፒከር በጥቂቱ ከፍ ካደረገው፣ የተሻለ መስሎ የሚሰማን እርሱ ነው። እንግዲህ በደንብ የምናውቀውን አንድ የአሊ ቢራ ዘፈን በሁለቱም፣ ድምፃቸውን እኩል አድርገን እናጫውት፤ ጀርባችንን ሰጥተን ጓደኛችን ያለ ቅደም ተከተል እያቀያየረ ያሰማን። ከአሥር ሙከራ አምስቱን ብቻ ካወቅን ገመትን እንጂ አልለየንም፤ ያን ጊዜ ርካሹን መግዛት ነው።