አይከኑ ደበዘዘ ብሎ ሞኒተር ከመግዛት በፊት

በደብረ ማርቆስ ከተማ በመሥሪያ ቤቶች፣ በፍርድ ቤትና በዩኒቨርሲቲው አካባቢ የማይጠፋ አንድ የአገልግሎት ንግድ አለ፤ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ። ማመልከቻ፣ የሽያጭ ውል፣ የክስ አቤቱታ፣ የጨረታ ሰነድ፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የሠርግ መጥሪያ የሚተየበው በእነዚህ ቤቶች ነው። የብዙዎቹ ካፒታል አንድ ወይም ሁለት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ኮፒ ማሽን ስለሆነ ከእነዚህ አንዱ ሲታወክ ገቢው የዚያኑ ዕለት ይቀንሳል።

ከሚያጋጥሙት ችግሮች አንዱ የኮምፒውተሩ ገጽ መደብዘዝ ነው። በስክሪኑ ላይ የተደረደሩት ትናንሽ ሥዕሎች፣ አይከን የሚባሉት፣ ጭጋግ የለበሱ ይመስላሉ፤ ከሥራቸው ያለው ጽሑፍም ጠርዙ ይፈርሳል። ለዚህ ችግር በየጥገና ቤቱ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ "ሞኒተሩ አርጅቷል፣ ይቀየር።"

ይህ መልስ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያን ያህል አይጎዳም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ሞኒተር በአገር ውስጥ የሚመረት ሳይሆን በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነውና ያለ አስፈላጊነቱ የተገዛ ሞኒተር ዋጋው ከባድ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ አዲሱ ሞኒተር ከተገጠመም በኋላ አይከኑ እንደደበዘዘ የሚቀርበት ጊዜ መኖሩ ነው፤ ጉድለቱ መጀመሪያውኑ ከሞኒተሩ አልነበረምና።

ድብዘዛው ለዓይን ከመሰልቸቱ ባሻገር ለአማርኛ ጽሑፍ የተለየ አደጋ አለው። በተለመደው የስክሪን አሠራር ባለ 12 ነጥብ ፊደል ቁመቱ 16 የብርሃን ነጥብ ብቻ ነው። ሉን ከሊ፣ ቡን ከቢ የሚለየው በቀኝ በኩል ያለው ቅጥያ ታዲያ ከአንድ ወይም ከሁለት ነጥብ አይበልጥም። ያ ነጥብ ወደ ጎረቤቱ ሲፈስ ግራጫ ይሆንና ከመሐል ይሁን ከግርጌ የተቀጠለ መሆኑ አይታወቅም። 3 እና 8፣ 5 እና 6 የሚባሉት ቁጥሮችም እንዲሁ ይቀላቀላሉ። በሽያጭ ውል ላይ የሻጭ ስም ወይም የገንዘብ መጠን እንዲህ ሆኖ ከተሳሳተ ጉዳቱ ከአንድ ገጽ ወረቀት ያልፋል። ፕሪንተሩ ፊደሉን የሚስለው በስክሪኑ ላይ ከሚታየው ምስል ሳይሆን ከፊደሉ የንድፍ መስመር ስለሆነ ወረቀቱ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ስሕተቱም የሚታየው ቀለምና ወረቀት ከተከፈለበት በኋላ ነው።

ነጥብ ለነጥብ አለመግጠም

ጠፍጣፋ ሞኒተር በፋብሪካ ተቆጥረው የተደረደሩ የብርሃን ነጥቦች ሰሌዳ ነው። ቁጥሩ አይጨምርም፣ አይቀንስም። በየቢሮው ያገለገሉት ባለ 17 እና ባለ 19 ኢንች አራት ማዕዘን ሞኒተሮች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጎን 1280፣ ወደ ታች 1024 ነጥብ አላቸው። ሲባዛ 1,310,720 ይሆናል። ኮምፒውተሩ ግን 1024 በ768 የሆነ ምስል እንዲልክ ቢታዘዝ የሚልከው 786,432 ነጥብ ብቻ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ የተላከ ነጥብ ወደ ጎን አንድ ከሩብ፣ ወደ ታች አንድ ከሲሶ የሰሌዳ ነጥብ ይሸፍናል ማለት ነው። ሩብና ሲሶ ነጥብ ደግሞ ማብራት ስለማይቻል ሞኒተሩ የሁለቱን ጎረቤቶች ቀለም ቀላቅሎ ይሞላዋል። ያ ቅልቅል ነው ድብዘዛው። ወደ ጎንና ወደ ታች የተለጠጠው መጠን እኩል ስላልሆነም ክቡ ማኅተም እንቁላል ይመስላል።

በፊት የነበሩት ኋላቸው እንደ ቴሌቪዥን የወጣ ሞኒተሮች እንዲህ ያለ የተቆረጠ ሰሌዳ ስላልነበራቸው መጠኑ ሲቀነስ ይህን ያህል አይደበዝዙም ነበር። ፊደል ለማጉላት የስክሪኑን መጠን ዝቅ የማድረግ ልማድ የመጣውም ከዚያ ዘመን ሳይሆን አይቀርም። በጠፍጣፋው ሞኒተር ይህ ልማድ ጎጂ ነው። ዓይኑ የደከመ ጸሐፊ መጠኑን እንዳለ ትቶ "ስኬል" ከሚለው ሥር 125 በመቶን ቢመርጥ ፊደሉም አይከኑም ጥራቱን እንደጠበቀ ይጎላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። በዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ የማውዙን ቀኝ ተጭኖ "ዲስፕሌይ ሴቲንግስ" የሚለውን መክፈት፣ ከዚያም "ዲስፕሌይ ሪዞሉሽን" ከሚለው ዝርዝር "ሪኮሜንድድ" የሚል ቃል የተጻፈበትን መምረጥ ነው። ይሁንና ኮምፒውተሩ የሞኒተሩን ልክ ካላወቀ ያ ቃል ራሱ የተሳሳተ ቁጥር ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ስለሆነም የሞኒተሩን ትክክለኛ ልክ ከጀርባው በተጻፈው ሞዴል ወይም ሞኒተሩ በራሱ ቁልፍ ሲከፈት ከሚያሳየው መግለጫ ማረጋገጥ ይበጃል። ትክክለኛው ቁጥር በዝርዝሩ ውስጥ ፈጽሞ ከሌለስ? ያን ጊዜ ወደሚቀጥለው ምክንያት መሻገር ነው።

ከፎርማት በኋላ የሚመጣ ድብዘዛ

ኮምፒውተሩ ዛሬ ፎርማት ተደርጎ በማግሥቱ አይከኑ ተልቆና ደብዝዞ ከታየ ሞኒተሩን መጠርጠር አያስፈልግም። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን የግራፊክስ ካርዱን የሚያዘው ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚባለው፣ ካልተገኘለት ለሁሉም የሚሆን ጊዜያዊ ድራይቨር ይጠቀማል። ይህም ከጥቂት የስክሪን መጠኖች በቀር አያውቅም። ነገሩን ለማጣራት በስታርት ቁልፍ ላይ የማውዙን ቀኝ ተጭኖ "ዲቫይስ ማናጀር" ውስጥ መግባትና "ዲስፕሌይ አዳፕተርስ" የሚለውን መዘርጋት ይበቃል። እዚያ የካርዱ ስም በመታየት ፈንታ "ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር" የሚል ከተነበበ ፎርማት ያደረገው ባለሙያ ሥራውን ሳይጨርስ ሄዷል። ክፍያው የተፈጸመው ለሙሉ ሥራ ከሆነ ደንበኛው ተመልሶ የማስጨረስ መብት አለው።

ይህ ዓይነቱ ጉድለት ወደፊት ሊበዛ ይችላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛው ትውልድ በፊት የነበሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው አይቀበልም። ያገለገለ ዴስክቶፕ የያዘ ነጋዴ ሁሉ ቢቀይረውም ባይቀይረውም ከጥገና ቤት ጋር ጉዳይ ይኖረዋል።

ድራይቨሩ የሚገኘው ከአምራቹ ድርጅት በኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔት ካለ ዊንዶውስ አፕዴት ራሱ ፈልጎ ሊያመጣው ይችላል። ኔትወርክ ሁልጊዜ የሚያስተማምን ባለመሆኑ ግን፣ በተለይም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ያስከተለውን ችግር ለሚያስታውስ፣ ኮምፒውተሩ ደኅና ሳለ የግራፊክስ፣ የኔትወርክና የፕሪንተር ድራይቨሮችን በፍላሽ ቀድቶ ማስቀመጥ ከሁሉ የረከሰ ኢንሹራንስ ነው። ከአማኑኤል ወይም ከሉማሜ ለአንድ ፋይል ብቻ ማርቆስ መመላለስ የትራንስፖርት ሒሳብ አለውና።

የት እንደደበዘዘ የሚለየው ሙከራ

መጠኑም ድራይቨሩም ትክክል ሆኖ ድብዘዛው ካልጠፋ ጥፋቱ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ነው ወይስ ከሞኒተሩና ከኬብሉ የሚለውን መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆነው ሙከራ ቀላል ነው። በኪቦርዱ ላይ "ፕሪንት ስክሪን" የሚለውን ቁልፍ መጫን፣ ምስሉን በ"ፔይንት" ፕሮግራም ላይ ገልብጦ በፍላሽ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ደኅና በሆነ ሌላ ኮምፒውተር ሳይጎላና ሳይቀነስ በ100 በመቶ መጠኑ ማየት ነው። በዚያ ጥርት ብሎ ከታየ ኮምፒውተሩ የላከው ደኅና ምስል ነበር፤ የተበላሸው በመንገድ ወይም ከደረሰ በኋላ ነው። በዚያም ደብዝዞ ከታየ አዲስ ሞኒተር መግዛት ምንም አይፈይድም። በሞባይል ስልክ ካሜራ ስክሪኑን ፎቶ ማንሳት ግን ይህን ሙከራ አይተካም፤ ካሜራው የሚያነሳው ሞኒተሩ ያበላሸውን ጭምር ነው።

ጥፋቱ ከውስጥ መሆኑ ሲረጋገጥ የሚጠረጠሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው የደበዘዘው የአንድ ፕሮግራም መስኮት ብቻ ሲሆን የሚታይ ነው። ስኬሉ 125 ወይም 150 በመቶ ሲደረግ አዳዲስ ፕሮግራሞች ፊደላቸውን እንደገና በትልቁ ይስላሉ። ይህን የማያውቁ የቆዩ ፕሮግራሞችን ግን ዊንዶውስ እንደ ፎቶግራፍ ይለጥጣቸዋል። በየጽሕፈት ቤቱ ከዩኒኮድ ዘመን በፊት የተሠሩ ፕሮግራሞች ገና ከሥራ ስላልወጡ ይህ ብዙም አያስገርምም። መፍትሔው የፕሮግራሙን አይከን በቀኝ ማውዝ ተጭኖ "ፕሮፐርቲስ"፣ ቀጥሎ "ኮምፓቲቢሊቲ"፣ ቀጥሎም "ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ" ውስጥ ገብቶ ከታች ያለውን ሳጥን ምልክት ማድረግና "አፕሊኬሽን" የሚለውን መምረጥ ነው። መስኮቱ ሊያንስ ይችላል፤ ፊደሉ ግን ይጠራል።

ሁለተኛው የአይከኑ የራሱ ድህነት ነው። የአንድ አይከን ፋይል በውስጡ ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ሥዕሎችን ይይዛል፤ በአዲሶቹ እስከ 256 ነጥብ ይደርሳል። የቆየ ፕሮግራም ግን ባለ 32 ነጥብ ሥዕል ብቻ ሊኖረው ይችላል። አንድ ሰው ሳያውቅ "ኮንትሮል" የሚለውን ቁልፍ ይዞ የማውዙን መንኮራኩር ቢያሽከረክር የዴስክቶፑ አይከኖች ሁሉ ይተልቃሉ፤ ባለ 32 ነጥቡም ተለጥጦ ይደበዝዛል። በቀኝ ማውዝ "ቪው" ከሚለው "ሚዲየም አይከንስ" ሲመረጥ ወደ 48 ነጥብ ይመለሳል። ለዚህ የጥገና ዋጋ የሚጠይቅ ካለ ጥያቄው ከሥራው በላይ ነው።

ምስሉ በሌላው ኮምፒውተር ጥርት ብሎ ከታየ ደግሞ ከሞኒተሩ በፊት የሚመረመረው ኬብሉ ነው። ጫፉ ሰማያዊ የሆነው ባለ 15 እግር ቪጂኤ ኬብል ምስሉን የሚያስተላልፈው ከፍ ዝቅ በሚል የኤሌክትሪክ ሞገድ ስለሆነ ሲረዝም፣ ሲላላ ወይም አንድ እግሩ ሲጣመም የፊደሎቹ ጠርዝ ጥላ ያበጃል። በሁለቱም ጫፍ ነቅሎ መሰካት፣ ብሎኑን ማጥበቅ፣ ከዚያም በሞኒተሩ ላይ "ኦቶ" የሚለውን ቁልፍ መጫን ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ ሁለቱም የኤችዲኤምአይ ወይም የዲስፕሌይ ፖርት መሰኪያ ካላቸው በዚያ መቀየር ችግሩን ከሥሩ ያጠፋዋል፤ የኬብል ዋጋም ከሞኒተር ጋር አይወዳደርም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሞኒተሩ በእርግጥ ተበላሽቶ ቢገኝ አብዛኛው ገዢ የሚሄደው ወደ ያገለገለ ዕቃ ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ባሳተሙት ጥናት፣ ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢ ሳያውቅ ሲቀር ገበያው ለመጥፎው ዕቃ እንደሚያደላ አሳይተዋል። ይህ ሥራቸው ከሌሎች ሁለት ባለሙያዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። የጎጃም ገበሬ በሬ ሲገዛ ጥርስ የሚያየው በዚሁ ምክንያት ነው። የሞኒተር ጥርሱ የሚታየው በራሱ ትክክለኛ መጠን ሲበራ ነው። ገዢው የሞዴሉን ቁጥር ይዞ ልኩን ይጠይቅ፣ ሻጩም በዚያው መጠን አብርቶ ነጭ ገጽ ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ያሳይ፤ ሉና ሊ፣ ቡና ቢ ካልተለዩ ዋጋ መደራደር አያስፈልግም። ዕቃው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ ሙከራው እዚያው መደረግ አለበት። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ማርቆስ የደረሰ ሞኒተር ለመመለስ የሚጠይቀው ኪራይና የቀን ገቢ ከተገኘው የዋጋ ቅናሽ ሊበልጥ ይችላል።