የጠፋው ጠጠር፦ የገበጣ ፕሮግራም ስሕተት እንዴት ይለቀማል?

ከላሊበላ ወጣ ብሎ ወደ ላስታ ደጋ የዘለቀ ሰው፣ እረኞች መሬት ላይ ጉድጓድ ምሰው በጠጠር ገበጣ ሲጫወቱ ሊያይ ይችላል። ዳኛው የተጫዋቹ ዓይን ነው። ኮምፒዩተር ግን ዓይን የለውም፤ የታዘዘውን ይፈጽማል፤ ትእዛዙ ከተዛባም አዛብቶ ይፈጽማል። በዚህ ጽሑፍ የገበጣን ሞጁል ምሳሌ አድርገን፣ የፕሮግራም አዘጋጆች ዲበጊንግ የሚሉትን ስሕተት የመልቀም ሥራ እንመለከታለን።

ለትምህርታችን እንዲመች በ2 ረድፍ 12 ጉድጓዶች፣ በእያንዳንዱም 4 ጠጠሮች ያሉትን ዓይነት እንውሰድ። ተጫዋቹ የአንዱን ጉድጓድ ጠጠሮች አንሥቶ በተከታዮቹ ውስጥ አንድ አንድ እያደረገ ይዘራል። ተማሪዎቻችን ይህን ጽፈው ሲያበቁ ፕሮግራሙ ያለ እንከን የሚሠራ መሰለ። ከብዙ ጨዋታ በኋላ ግን 48 የነበሩት ጠጠሮች 47 ሆነው ተገኙ።

ፊዚክስ የተማረ ሰው እዚህ ላይ አንድ ሕግ ያስታውሳል፦ ጉልበት መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም፤ ከምንም አይፈጠርም። በገበጣም በጉድጓዶቹ ያሉትና የተበሉት ጠጠሮች ድምር ምን ጊዜም 48 ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ተራ በኋላ ድምሩን የሚቆጥር፣ 48 ካልሆነም ፕሮግራሙን እዚያው የሚያስቆም አንድ መሥመር ጨመርን፤ አሰርት ይባላል። ፕሮግራሙ የቆመው 12 ጠጠሮች ያሉት ጉድጓድ ሲነሣ ነበር። ለካ መነሻውን ጉድጓድ ባዶ የሚያደርገው ዘርቶ ከጨረሰ በኋላ ኖሯል! 12ኛው ጠጠር ዞሮ መነሻው ላይ ይወድቃል፤ ወዲያውም ይጠረጋል። ጠጠሮቹ ከ12 ሲያንሱ ስሕተቱ ፈጽሞ አይታይም። መድኃኒቱ ሁለት መሥመሮችን ማቀያየር ብቻ ነበር፤ ድካሙ ያለው ቦታውን በማግኘቱ ላይ ነው።

ሁሉም ስሕተት ግን ጠጠር አያጠፋም። ጉድጓዶቹን ከ0 እስከ 11 ብንቆጥር፣ ቀጣዩ የሚገኘው 1 ደምረን ለ12 ስናካፍል በሚተርፈው ነው። በ12 ፈንታ 11 ከተጻፈ የመጨረሻው ጉድጓድ ከቶ ጠጠር አይደርሰውም፤ ድምሩ ግን 48 እንደሆነ ይቀራል። እዚህ ላይ የሚረዳን ሲሜትሪ ነው። ሰሌዳውን ግማሽ ዙር አዙረን ያንኑ ተራ ከማዶ ብናስጀምር፣ ውጤቱም እንዲሁ ዞሮ መገኘት አለበት። (ኤሚ ኖተር በ1918 እ.ኤ.አ. የሁለቱን ዝምድና ያረጋገጡት ለፊዚክስ ነው፤ በገበጣ ግን አንዱ ፈተና ሌላውን አይተካም።)

ሁለቱንም ፈተና ያለፈውን ፕሮግራም አንድ ተማሪያችን ለዕረፍት ወደ ላሊበላ ይዞት ሄደ። አንድ አዛውንት ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ «ልጄ፣ እዚህ ላይ አይቆምም፤ አንሥተህ ትቀጥላለህ» አሉት። የመጨረሻው ጠጠር ሌላ ጠጠር ባለበት ጉድጓድ ሲወድቅ፣ ፕሮግራማችን ተራውን ለባላጋራ ይሰጥ ነበር። ኮዱ ታዛዥ ነው፤ የተሳሳትነው ደንቡን ስንጽፍ ነው። ይህን የሚይዝ አሰርት የለም። ባይታረም ኖሮ ልጆች ከስልክ የሚማሩት ገበጣ አያቶቻቸው ያልተጫወቱት በሆነ ነበር።

ደንቡ ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ ብዙ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። በቀድሞው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥማ የባሰ ወጥመድ አለ፦ ወረራ በሚባለው መክፈቻ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ይንቀሳቀሳሉ። ተራ መጠበቅን መሠረቱ ያደረገ የቼዝ ፕሮግራም ይህን በቀላሉ አይቀበልም።

ስለዚህ ተማሪው በሚቀጥለው ዕረፍት የአዛውንቱን ጨዋታ ከነጠጠሮቹ አቀማመጥ በደብተር መዝግቦ መጣ፤ 64 ተራ ነበር። ፕሮግራሙን በዚያው መንገድ አስኬድነውና 32ኛው ተራ ላይ ከደብተሩ ጋር አመሳከርን። ከተስማማ ስሕተቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ካልተስማማ ከዚያ በፊት። እንዲህ እያገመሱ ሲሄዱ 64ቱን ሁሉ ሳይመረምሩ በ6 ማመሳከር ይደረስበታል። ልዩነቱ 23ኛው ተራ ላይ ተገኘ። አዛውንቱ ተሳስተው ይሆን ብለን ነበር፤ በሁለተኛው ደብተር ተመሳሳይ አቀማመጥ ሲመጣ ያው ነገር ስለተደገመ ግን፣ ያልጻፍነው ደንብ መኖሩን ተቀብለን ፕሮግራሙን እንደገና ከፈትነው።