የአንድ ምንቸት ማዕድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በቆቦና በራያ ቆላ ያደግን ሁሉ የማሽላና የሽምብራ ንፍሮን እናውቃለን። ማታ ከእርሻና ከከብት ጥበቃ የተመለሰው ቤተሰብ በአንድ ሰፌድ ዙሪያ ተሰብስቦ ይበላዋል። ነገር ግን ለትምህርት ከተማ ስንገባ የድኻ ምግብ ነው ብለን የምንንቀው አለን። በጾም ወራት በሻይና በዳቦ ብቻ ስንውል ሰውነታችን ይደክማል፤ ከዚያም «ጾሙ ከበደኝ» ብለን እንተዋለን። ስለዚህ ይህ ምግብ የሚያስተምረንን በአጭሩ እንመልከት።

1. አሠራሩ

ማሽላው በሙቀጫ ተሸክሽኮ ገለባው ይነፋል፤ ሽምብራው ተለቅሞ ይታጠባል። ሁለቱም በየዕቃቸው ተዘፍዝፈው ያድራሉ፤ የተዘፈዘፈ እህል ቶሎ ስለሚበስል እንጨት ይቆጥባል። በማግሥቱ ሽምብራው ቀድሞ ይጣዳል፤ መለስለስ ሲጀምር ማሽላው ይጨመርበታል። መጠኑ ሁለት እጅ ማሽላና አንድ እጅ ሽምብራ ቢሆን መልካም ነው። ውኃው ከእህሉ በላይ አራት ጣት ያህል ይቁም። ጨው የሚጨመረው ሊወጣ ሲል ነው። ማሽላው ፈንድቶ ሽምብራው በጣት ሲጫኑት ከፈረሰ በስሏል ማለት ነው።

ይህ ምግብ ወፍጮም ምጣድም እርሾም አይፈልግም። መብራት ጠፍቶ ወፍጮ ቤት ቢቆም እንኳ ቤተሰብ ጦሙን አያድርም።

2. ሁለት እህል ስለ ምን?

ማሽላ ኃይል ይሰጣል፤ ነገር ግን ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል። ሽምብራ ላይሲን አለው፤ እርሱ የሚያንሰውን ደግሞ ማሽላ ይሞላለታል። እናቶቻችን ይህን ከመጽሐፍ ሳይማሩ በምንቸታቸው ሠርተውታል። ቅዱስ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 12 ብልቶች አንዱ ያለ ሌላው ሊኖሩ እንደማይችሉ ያስተምረናል።

3. የኤልሳዕ ምንቸት

በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ከቁጥር 38 ጀምሮ እንደምናነበው በጌልገላ ረሀብ ነበረ። ነቢዩ ለደቀ መዛሙርቱ ትልቅ ምንቸት እንዲጣድ አዘዘ። አንዱ የማያውቀውን የዱር ፍሬ ለቅሞ ቢጨምርበት ወጡ የሚገድል ሆነ። ኤልሳዕ ግን ሰውየውን አላባረረም፤ ምንቸቱንም አላስደፋም። ዱቄት ጨምሮ ፈወሰው፤ ሁሉም በሉ።

ወላጆቻችንና አያቶቻችን በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታውን ረሀብ አይተዋል። ያን ዘመን ያየ ሰው እህል አይንቅም። እኛም ስንንቅ የምንንቀው እህሉን ብቻ ሳይሆን በእርሱ ያሳደጉንን ጭምር ነው።

4. ጾምና ማካፈል

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚወደው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደ ሆነ ይናገራል። ንፍሮ ሲጣድ ለቤተሰቡ ብቻ ተለክቶ አይሰፈርም፤ «ለሚመጣ» ተብሎ አንድ እፍኝ ይታከላል። ያ እፍኝ የጾሙ ፍሬ ነው። እንግዲህ በመጪው ጾም እያንዳንዳችን አንድ አንድ እፍኝ እህል ይዘን እንምጣ፤ በአንድ ድስት ቀቅለን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ካሉት ነዳያን ጋር አብረን እንብላ።

መወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ኤልሳዕ ለእያንዳንዱ ሳይሆን ለሁሉም አንድ ምንቸት ያስጣደው ስለ ምንድን ነው?
ለ. በማኅበራችን የሚጎድለውን የሚሞላ ከእኛ የተናቀ ማን ይሆን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።